የፊደል አጣጣልና የሰው ጠባይ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከሁለት ሳምንት በፊት ታፔላ በእጅ ይጻፍ ስለነበረበት ዘመን ጽፌ ነበር። እኔ ፊደል የተማርኩት መርካቶ፣ ከአንድ ታፔላ ጸሐፊ ሥር ብሩሽ እያጠብኩ ነው። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «የሰው ፊደል አጣጣል ብዙ ይናገራል» የምትል ነገር ጣል አደረግሁ። ምነው እጄን በቆረጠው! ኢንቦክሴ በፎቶ ተሞላ። የደብተር ገጽ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የዕቁብ መዝገብ ሳይቀር መጣልኝ። አብዛኛው «ይሄ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይላል። እኔ ፊደል ነዳፊ ነኝ እንጂ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ እጮኛዋ ፊደሉን ወደ ግራ ያዘነብላል። ቲክቶክ ላይ «እንዲህ የሚጽፍ ሰው ምስጢር ይደብቃል» ሲባል ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ፦ በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው? ግራኝ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ካልሆነም እሱን ጠይቂው እንጂ እኔን ምን አደከመሽ።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል የተጻፈ ነው። ሥራ አመለከተች፣ ቃለ መጠይቁን አለፈች። ከዚያ ባዶ ወረቀት ሰጥተው «ስለ ራስሽ አንድ ገጽ በእጅሽ ጻፊ፣ የእጅ ጽሕፈት መርማሪ ያየዋል» አሏት። ዕብራይስጥ መጻፍ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ ኡልፓን (ዕብራይስጥ የሚማሩበት ቤት) ገብታ ነው። «በማን ፊደል ነው የሚመዝኑኝ?» ትላለች።

መልስ፦ «በማን ፊደል» ያልሽው ነገር ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለ።

የሰውን ጠባይ ከእጅ ጽሕፈቱ እናውቃለን የሚሉት ነገር ግራፎሎጂ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ዣን-ኢፖሊት ሚሾን የሚባል የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ቄስ ነው። ሠራተኛ ሲቀጥሩ በዚህ በመጠቀም ስማቸው ከሚነሣ አገሮች ፈረንሳይና እስራኤል ግንባር ቀደም ናቸው። የሚገርመው፣ ዘዴውን አጥብቀው ከፈተኑት መካከልም እስራኤላውያን ተመራማሪዎች አሉ። ኔተርና ቤን-ሻካር እ.ኤ.አ. በ1989 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። የሰውን የሥራ ብቃት በመገመት ግራፎሎጂስቶቹ ሙያውን ጭራሽ ካልተማሩ ሰዎች አልበለጡም። እዚህም እዚያም የተገኘችው ትንሽ ስኬት የመጣችው ደግሞ ከወረቀቱ ይዘት ነው። ሰውየው ስለ ራሱ የጻፈውን አንብበው ማለት ነው! ይዘቱ ገለልተኛ ሲሆን ያቺም ጠፋች። ታዲያ «ስለ ራስሽ ጻፊ» ቢሉሽ ይገርማል?

ከዚህ በላይ እኔን የሚያናድደኝ የንድፉ ጉዳይ ነው። ግራፎሎጂ የተወለደው ከላቲን ቅጥልጥል ጽሕፈት ነው። ፊደሎቹ እንዴት እንደተያያዙ፣ ከመስመር በታች የሚወርደው ጭራ ምን ያህል እንደተቆለመመ፣ ወደየት እንዳዘነበለ ያያል። የኛ ፊደል ግን አይቀጣጠልም። እያንዳንዱ በራሱ እግር ይቆማል። «ገ» ከመስመር በታች የሚጎትተው ጭራ የለውም። ሀሁ የቆጠረ እጅ ወደ ሌላ ፊደል ሲሻገር ልማዱን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ያሉ ወዳጆቼ በዕብራይስጥ የጻፉትን አይቻለሁ። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ተራርቆ የቆመ፣ እግሩ ጠንከር ያለ ነው። መርማሪው ይህን «ግትር፣ ብቸኝነት የሚወድ» ሊለው ይችላል። እኔ የሚታየኝ የፊደል ገበታ ነው።

«ታዲያ ለምን ልክ ይመታል?» የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን የጠባይ ፈተና ፈተነ። ለየግላቸው «ውጤትህ ይኸው» ብሎ ወረቀት ሰጠና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲያርሙት ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ሁሉም የያዙት ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹን የለቃቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ሥራውን ከፈለግሽው ጻፊላቸው። ከሥር መስመር ያለው ወረቀት አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ ይዘቱን አሳምሪው። ስለ መብትሽ እዚያው ያለ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ልጃቸው ግራኝ ነው። አያትየው እርሳሱን ከግራ እጁ እየነጠቁ ወደ ቀኝ ያዞሩበታል።

መልስ፦ ተዉት። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡለት፣ ይበቃዋል። አያትየውን በኔ ስም ሰላም በሉልኝ።

ጥያቄ፦ አባቱ ካረፉ በኋላ ሻንጣቸው ውስጥ አንድ እስር ደብዳቤ አገኘ። ብዙዎቹ ቀን የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ፊርማም የላቸውም። 7 ፎቶ ልኮ «ፊደሉን ብቻ አይተህ የማን ዘመን እንደሆነ ትነግረኛለህ?» ይላል።

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ጠይቁኝ! ጠባይን አልነግርህም፤ ዘመንን ግን እሞክራለሁ። የብራና መጻሕፍትን ዕድሜ የሚለዩ ሊቃውንት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ዚግበርት ኡህሊግ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት የግዕዝ ብራናዎችን በፊደላቸው ቅርጽ በየዘመኑ ከፋፍሏቸዋል። የጎንደር ዘመኑን ሰፊና ደልዳላ አጻጻፍ «ጉልሕ»፣ ቀጭኑን ደግሞ «ረቂቅ» ይሉታል። የጸሐፊው ጠባይ አይደለም የለያቸው፤ የተማረበት ቤት፣ የቀረጸው ብዕርና የዘመኑ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ሻንጣህ። የመጀመሪያውን ፎቶ አጉላው። ቋሚ ጭረቶቹ ወፍራም ናቸው፣ አግዳሚዎቹ ቀጭን። ይህ የመቃ ብዕር ጠባይ ነው፣ ጫፉ ሰፊ ሆኖ ስለሚቀረጽ። ደብዳቤው የተጻፈው ግን በእስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶ ደግሞ ወደየትም ብትወስደው ውፍረቱ አንድ ነው። ሰውየው ምን አደረገ? እያንዳንዱን የ«በ» እግር ሁለቴ ሄዶበታል። ሁለተኛዋ ጭረት ትንሽ ስታ ስለወጣች መሃሏ ነጭ ክፍተት ትታያለች። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ አልተምታቱም፤ «ንጉሥ» በሠ፣ «ፀሐይ» በፀ። ቁጥሩም በግዕዝ ነው። ቤተ ክህነት ያደገ እጅ ነው፣ ያውም ተራ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ዳዊት የሚደግም ሁሉ ብዕር አይቀርጽም። ይህ ሰው ቁም ጽሕፈት ለብቻው ተምሯል።

ሦስተኛውን ሳይ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ አንድ በአንድ የተተከለ። መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። በጣም ተጭኖ ከመጻፉ የተነሣ ወረቀቱ ከጀርባው አብጧል፤ ፎቶው ላይ ጥላው ይታያል። ይህ ጎልምሶ እርሳስ የጨበጠ እጅ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፣ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። አክስቴም ያኔ ነው ፊደል የቆጠረችው፤ የሽንኩርት ሒሳብ ስትጽፍ እንኳ ምላሷን ነክሳ ነበር። የአንተዋ ጸሐፊ የዘመቻው ተማሪ መሆኗን አልምልልህም። ብወራረድ ግን አልፈራም። «ሴት ናት» ያልኩት ከፊደሉ አይደለም፣ «እኅትህ» ስለሚል ነው።

አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰው የመጡ ይመስሉኛል። ፊደላቸው እኩል እኩል ነው፣ ቀንና ቁጥር ከላይ በቀኝ፣ በየአንቀጹ ገባ ብሎ ይጀምራል። ታይፕ ሲያይ የኖረ ሰው በእጁም ታይፕ ይመታል። ስለ ሁለተኛው ምንም ልል አልችልም፣ ቡና ፈስሶበታል።

ሰባተኛው ላይ «መ» የተኛ 8 ሆኗል። አራት ነጥብ የለም፣ ባንዲት ነጥብ ተዘግቷል። ሀ እና ሐ እንደ መጡ ገብተዋል። ሌክቸር ሲገለብጥ ያደገ ትውልድ ነው። ካልተሳሳትኩ ይህኛው የራስህ ነው፤ ለአባትህ «ብር ላክልኝ» ብለህ የጻፍከው።

የኛ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ትምህርት ቤቶች የድሮውን የእጅ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1941 አቆሙ። ዛሬ ብዙ ጀርመኖች የአያታቸውን ደብዳቤ ከሳጥን አውጥተው ማንበብ ያቅታቸዋል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሟ አባታቸው በ1984 ዓ.ም. የፈረሙት ነው ያለውን ኑዛዜ አወጣ። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። ፊርማው አልመሰላትም፣ ፎቶውን ልካልኛለች።

መልስ፦ ስለ ፊርማው አንድ ቃል አልተነፍስም። ይህ የፎረንሲክ ባለሙያ ሥራ ነው፣ እሱም ከግራፎሎጂስት ጋር አይገናኝም። ጠባይ አይገምትም፤ ሁለት ፊርማ አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ያነጻጽራል። ለእሱም ዋናው ሰነድ ያስፈልገዋል፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃውም።

አንድ ነገር ግን ከሙያዬ ልበል። ፎቶው ላይ ያለው ፎንት ኒያላን ይመስለኛል። ኒያላ ጆን ሃድሰን የነደፈው ነው፤ ሕዝብ እጅ የገባው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2007። በኛ 1999 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ1984 የት ተገኘ? እንዲህ ያለ ነገር ፓኪስታን ውስጥ አገር አንቀጥቅጧል። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ማሪያም ናዋዝ ያቀረቡት ሰነድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ተፈረመ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 መርማሪዎች ሲያዩት የተጻፈበት ካሊብሪ ፎንት ለሕዝብ የወጣው በ2007 ሆኖ ተገኘ።

ግን ስሚኝ፦ «ይመስለኛል» ማስረጃ አይደለም። በስልክ ከተነሣ ፎቶ ፎንት መሳሳት ቀላል ነው። ወንድምሽ ላይ ከመጮኽሽ በፊት ጠበቃ ያዢ። ፍርድ ቤቱ ዋናው እንዲቀርብና እንዲመረመር እንዲያዝ አድርጊ። ይህን ጽሑፍ ይዘሽ ሽምግልና እንዳትቀመጪ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጇ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል። «ሰነፍ ይሆን?»

መልስ፦ ጽሑፍ ያላማረለት ሁሉ ሰነፍ ቢሆን ሐኪም ባልኖረን። ወፍራም እርሳስና ሰፊ መስመር ስጪው። በአፉ የሚያወራውን በእጁ መጻፍ ጨርሶ ካቃተው አንድ ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ 68 ዓመታቸው ነው። ጽሑፋቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ እየጠበበ መጥቷል። መስመሩ ሲጀምር ደህና ነው፣ ጫፍ ሲደርስ ጉንዳን ያክላል። «ከእርጅና ጋር ሰው ቆጣቢ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?»

መልስ፦ ለዚህች አንባቢ በዚያው ቀን መልሻለሁ። እዚህ የምደግመው ሌላ ሰውም ይኖራል ብዬ ነው። የቁጠባ ነገር አይደለም። ጽሕፈት እንዲህ እያደር ሲያንስ የፓርኪንሰን ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ከእጅ መንቀጥቀጥም ቀድሞ ይታያል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፦ መነጽር፣ የጣት መገጣጠሚያ። ይህን የሚለየው የነርቭ ሐኪም ነው። እኔም አልለይም፣ ጎረቤትም አይለይም። ስትሄዱ የዛሬ አምስት ዓመት የጻፉትን አንድ ገጽና ያሁኑን ይዛችሁ ሂዱ። «ቆይ ከበዓሉ በኋላ» አትበሉ። ለውጡ ድንገት በአንድ ቀን ከመጣ፣ በተለይ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ ያኔ ቀጠሮ የለም፤ በዚያችው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ ዲሲ ያለ ፈረንጅ ጓደኛው ክንዱ ላይ በአማርኛ «ጥንካሬ» ብሎ ሊነቀስ ነው። ንድፉ ያምራል ወይ?

መልስ፦ ያምራል። «ን» ግን የለችም። ቀጠሮውን አዘግዩ።

ጥያቄ፦ እናቷ ከዓመት በፊት አረፉ። 3 ደብዳቤ ትተውላታል። ከፊደላቸው ፎንት መሥራት ይቻል እንደሆነ ትጠይቃለች።

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ምን እንደምታገኚ ልንገርሽ። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃሎቹ፣ ነጥቦቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። 3 ደብዳቤ ውስጥ ሁሉም አይገኙም። የትኛዋ እናት ናት ለልጇ ስትጽፍ «ጶ» የምትጠቀመው? የጎደለውን ካሉት ፊደሎቿ እግርና ራስ እየቆረጥን እንቀጥላለን። ያ ከእሷ እጅ ቢመጣም የእሷ አይደለም፣ ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ሁለተኛው ነገር፣ ፎንት አንድን ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ይደግማል። እጅ እንደዚያ አያውቅም። በላክሽው ገጽ ላይ «ልጄ» 11 ጊዜ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። ሁለቱ እንኳ አንድ አይደሉም። መስመር መጀመሪያ ላይ ያሉት ዘና ብለዋል። ጠርዝ ላይ የደረሱት ተጨብጠዋል። የመጨረሻዋ ላይ የ«ጄ» ቀለበት ሳይዘጋ ቀርቷል፣ ጥቁሩ እስክሪብቶ ቀለም ጨርሶ። ከዚያ በሰማያዊ መጥተው ዘግተውታል።

ከተስማማሽ «ልጄ»ን ሙሉዋን እንደ አንድ ፊደል አስገባታለሁ፣ 11ዱንም፣ በተጻፈች ቁጥር እየተፈራረቁ እንዲመጡ። ስካን ስታደርጊ በ600 ዲፒአይ ይሁን፣ ጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም። የተቀደደችው ማዕዘን ላይ ፕላስተር እንዳትለጥፊ።