ጋዝ ሳይሸት የሚጮኸው ጠቋሚ

ጠያቂያችን፣ በተሳቢ የጉዞ ቤትዎ ውስጥ ያለው የጋዝ ጠቋሚ በየሌሊቱ እየጮኸ እንደሚቀሰቅስዎት፣ የጋዝ ሽታ ግን እንደሌለ ገልጸው፣ ፊውዙን ነቅለው መተኛት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይንቀሉት።

በእኔም ተሳቢ ቤት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጠቋሚው ጮኾ፣ ምንም ሳይሸተን ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ፤ የፕሮፔኑን (የማብሰያ ጋዙን) ሲሊንደር ከውጭ ዘጋሁና በሩን ከፍተን ብዙ ከቆየን በኋላ ጩኸቱ ቆመ። ተመልሰን በገባን በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን፣ ሲሊንደሩ እንደተዘጋ፣ ዳግመኛ ጮኸ። ምንጩ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ሲነጋ የመጣው ባለሙያ ከአልጋው ሥር ያለውን የባትሪ ሣጥን ሲከፍት፣ ባትሪው አብጦና ግሎ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይወጣው ነበር። ቻርጀሩ ከመጠን በላይ ስለሞላው ሃይድሮጂን ይለቅ ኖሯል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። ጠቋሚው ስለ ፕሮፔን ባይሆንም ስለ አደጋው እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ፊውዙን ነቅዬ ቢሆን ኖሮ ልጆቼ የተኙት ከዚያ ባትሪ በላይ ነበር።

ሽታ አለመኖሩም አያረጋጋዎት። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጠቋሚውም ዝቅ ብሎ የሚገጠመው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ጋዙ በአየር ውስጥ 2.1 በመቶ ደርሶ መቀጣጠል ከመቻሉ አስቀድሞ እንዲጮኽ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሲጮኽ መብራትም ሆነ የአየር ማስወጫውን ማራገቢያ ሳይነኩ፣ ክብሪት ሳይጭሩ፣ በሩን ክፍት ትተው ይውጡ፤ ሲሊንደሩንም ከውጭ ይዝጉ። ፍሳሹን ውስጥ ሆኖ መፈለግ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

መሣሪያዎ መርዛማ ጋዝ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድንም የሚለይ ከሆነ፣ ይህ ጋዝ ከነጭራሹ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ሁሉም ወዲያውኑ ወጥተው የድንገተኛ እርዳታ ይጥሩ።

በየተወሰነ ጊዜ አንድ አጭር ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የባትሪ ኃይል መድከም ወይም የመሣሪያው ዕድሜ ማለቅ ነው፤ በጀርባው የታተመውን ቀን ይመልከቱ። የእርስዎ እንደዚያ እንዳልሆነ ከገለጻዎ እረዳለሁ። ስለሆነም ባለሙያ የጋዝ መስመሩን፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን እስኪፈትሽልዎ ድረስ ሌሊቱን ሌላ ቦታ እንዲያድሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።