ጥያቄና መልስ፦ በሥር ዙሪያ ስለሚኖሩ የዕፅዋት አጋሮች

ከአፈር ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ጋር ዕፅዋት ስለሚመሠርቱት የመረዳዳት ኑሮ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ ከዚህ በታች ሰጥቻለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች በአንድነት አጠቃልያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የባቄላ ተክል ነቅዬ ስመለከት ሥሩ ላይ ትንንሽ እንክብሎች አገኘሁ። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ መልካም ምልክት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሆኖም ለይቶ ማወቅ ይገባል። እንክብሉን በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ ጎን በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ ኖጁል ይባላል፤ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። ሥሩ ራሱ አብጦ ከሆነና እብጠቱን ሥሩን ሳይቆርጡ መለየት ካልተቻለ ግን ኔማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች ያደረሱት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ኖጁል መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በምላጭ ለሁለት ይክፈሉት። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራው ላይ ነው። ቅላቱ የሚመጣው ሌግሄሞግሎቢን ከተባለ፣ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የሚፈታው ችግር በጣም የሚያስደንቀኝ ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክሉ የሚስማማ የሚያደርገው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲያገኘው ይበላሻል፣ ባክቴሪያው ግን ያለ ኦክስጅን ለዚህ ሥራ የሚበቃ ኃይል ማመንጨት አይችልም። ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ይዞ ለባክቴሪያው በልክ በልኩ ስለሚያደርስለት ባክቴሪያውም ይተነፍሳል፣ ኢንዛይሙም ይጠበቃል። ውስጡ ነጭ ከሆነ ኖጁሉ ገና ሥራ አልጀመረም ወይም ደካማ ባክቴሪያ ይዟል፤ ወደ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ካደላ ደግሞ ዕድሜው አልፏል። ለመመልከት የሚመቸው ጊዜ ተክሉ ማበብ ሲጀምር ነው። ተክሉን ጎትተው አይንቀሉት፤ ኖጁሎቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉና ዙሪያውን ቆፍረው ያውጡትና ሥሩን በውኃ ይጠቡት።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን የሚሰጠው እንዲያው ያለ ዋጋ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከአየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ሁለቱ አተሞች እጅግ ጠብቀው የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱን ሞለኪውል ለመለወጥ ቢያንስ 16 የኤቲፒ (ሴሎች ኃይል የሚይዙበት ውህድ) ሞለኪውሎች ይጠፋሉ፤ ይህ ኃይል የሚመነጨውም ተክሉ በቅጠሉ ሠርቶ ወደ ሥሩ ከሚልከው ስኳር ነው። ተክሉ ደግሞ ላልሠራ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በአኩሪ አተር ኖጁሎች ዙሪያ ያለውን ናይትሮጅን አርጎን በተባለ ሌላ ጋዝ ተክተው ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን እንዳይሠሩ ባደረጉ ጊዜ፣ በእነዚያ ኖጁሎች ውስጥ የነበሩት ባክቴሪያዎች በመደበኛው አየር ውስጥ ከቆዩት ያነሰ ተራብተው ተገኝተዋል፤ ተክሉም የኦክስጅን አቅርቦታቸውን እንደቀነሰባቸው የሚያሳይ ምልክት ታይቷል።

ጥያቄ፦ በጥራጥሬ ላይ ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ብጨምርስ?

መልስ፦ ተክሉ አፈር ውስጥ በቂ ናይትሮጅን ካገኘ ስኳሩን ለባክቴሪያ አያወጣም፤ ኖጁሎቹም ይመናመናሉ።

ጥያቄ፦ ሕያው ማዳበሪያ (ዘር የሚታሽበት ባክቴሪያ) ተጠቅሜ ምንም ለውጥ አላየሁም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ለየትኛው ሰብል የተዘጋጀ እንደነበር ይመልከቱ። ለአኩሪ አተር የተዘጋጀው ባክቴሪያ ሽምብራ ላይ አይሠራም፤ ተክሉና ባክቴሪያው የሚተዋወቁት ሥሩ በሚያመነጨው ንጥረ ነገርና ባክቴሪያው በሚልከው የመልስ ምልክት ስለሆነ ምልክቱ ካልገጠመ ሥሩ በሩን አይከፍትም። ቀጥሎ አያያዙን ያስቡ፤ በጥቅሉ ውስጥ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ይገድሉታል። ዘሩ በፀረ ፈንገስ ኬሚካል ከታሸ ባክቴሪያውም ሊሞት ይችላል። ዘሩን ከባክቴሪያው ጋር በጥላ ሥር ማሸትና በዚያው ዕለት ዘርቶ አፈር ማልበስ ያስፈልጋል። አፈሩ በጣም አሲዳማ ከሆነ፣ ፎስፈረስ ወይም ሞሊብደነም የተባለው ንጥረ ነገር ካነሰው ደግሞ ጥሩ ባክቴሪያ እንኳ ብቻውን ምንም አያደርግም። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ያ ሰብል ቀደም ሲል በተደጋጋሚ የተዘራበት መሬት ተስማሚዎቹን ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን ይዞ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪው ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ያለፈውን ሰብል ሥር ቆፍሮ ማየት ይቅደም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጥራጥሬ ያልሆኑ ዕፅዋት እንዲህ ያለ አጋር የላቸውም?

መልስ፦ አብዛኞቹ የየብስ ዕፅዋት ከፈንገስ ጋር አብረው ይኖራሉ። ይህ ትስስር ማይኮራይዛ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣለት ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ሲሆን በግሪክኛ ፈንገስና ሥር የሚሉትን ቃላት ያጣመረ ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ሥሩ በአቅራቢያው ያለውን ከወሰደ በኋላ ዙሪያው ባዶ ይሆናል። ከሥር ፀጉር እንኳ የቀጠኑት የፈንገስ ክሮች ግን ከዚያ ባዶ ቦታ አልፈው በመሄድ ፎስፈረስ ያመጣሉ፤ በምትኩ ስኳርና ቅባት ይቀበላሉ። ዝምድናው ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ማስቆጠሩን በስኮትላንድ የተገኙ ቅሪተ አካላት ያሳያሉ። የጎመን ወገኖች፣ ቀይ ሥርና ስፒናች በአብዛኛው ይህ አጋር ስለሌላቸው ለእነሱ ብሎ የማይኮራይዛ ምርት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ደጋግሞ ማረስ እነዚህን የሥር አጋሮች ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ፈንገሶቹን በእርግጥ ይጎዳል፣ ክሮቻቸው ይበጣጠሳሉና። መሬቱ ለረጅም ጊዜ ያለ ተክል መራቆቱና የፎስፈረስ ማዳበሪያ መብዛቱም ያዳክማቸዋል።

ጥያቄ፦ ባቄላን ከበቆሎ ጋር ብዘራ ባቄላው ናይትሮጅኑን ለበቆሎው ያካፍላል?

መልስ፦ በሕይወት እያለ የሚያካፍለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ለራሱ ይጠቀምበታል፣ ፍሬ ሲይዝም ወደ ፍሬው ያጓጉዘዋል። ለቀጣዩ ሰብል የሚተርፈው ሥሩ፣ ቅጠሉና ግንዱ አፈር ውስጥ ሲበሰብሱ የሚለቁት ነው። ስለዚህ ፍሬው ተለቅሞ ገለባውም ተጠራርጎ ከተወሰደ ለመሬቱ የሚቀረው ናይትሮጅን ትንሽ ነው፤ ሲያጭዱ ሥሩን መሬት ውስጥ ይተዉት፣ ከገለባውም የተቻለዎትን ያህል ወደ ማሳው ይመልሱ።