ለሕመምተኛው መፍራት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሥነ አእምሮ ነርስነት ነው የጨረስኩት። አንድ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት ተሽሎት ወደ ቤት ሊመለስ ሲል ታናሽ እህቱ ጠጋ ብላ «ማታ ማታ ቢላዋ ልደብቅ?» አለችኝ። ልጁ በማንም ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ያን ቢላዋ ከየት እንዳመጣችው ግን ገብቶኛል፤ እኔም እነዚያን የስነ ልቦና ትሪለር ፊልሞች እየወደድኩ አይቻቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የሂችኮክ «ሳይኮ» መጨረሻ ላይ አንድ ሐኪም የገዳዩን፣ የኖርማን ቤትስን፣ ሕመም በሰፊው ያብራራል። የሴት ልብስ መልበሱን ሰምቶ ስም ሊሰጠው የቸኮለውንም ሰው ያርማል። ማን ያስታውሰዋል? በ1991 «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ላይም ገዳዩን የምታድነው የኤፍ.ቢ.አይ. ሠልጣኝ ክላሪስ ጾታቸውን በሚቀይሩ ሰዎችና በዓመፅ መካከል ዝምድና እንደሌለ በግልጽ ትናገራለች። የግብረ ሰዶማውያን መብት ተሟጋቾች ግን ፊልሙን ተቃወሙት፤ እኔ እውነት ነበራቸው እላለሁ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሣለውን ፍርሃት አንዲት ዐረፍተ ነገር አታጠፋውም።

ከሁሉም የሚያመኝ የ1987ቱ «ፌታል አትራክሽን» ነው። ተዋናይቷ ግሌን ክሎዝ የምትጫወታትን የአሌክስን፣ የተዋት ወንድ ላይ የሙጥኝ ያለችውን ሴት፣ ስቃይ ለመረዳት የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አማክራ ነበር። መጀመሪያ በተቀረጸው ፍጻሜ አሌክስ የምታጠፋው የራሷን ሕይወት ነው። ፊልሙን አስቀድመው እንዲያዩ የተጋበዙት ተመልካቾች ይህን አልወደዱትም፤ እንድትቀጣ ፈለጉ። ክሎዝ አጥብቃ ብትቃወምም ፍጻሜው እንደገና ተቀረጸ፤ አሌክስ ቢላዋ ይዛ መጣች፣ በጥይትም ተገደለች። ክሎዝ ከዓመታት በኋላ፣ እህቷ ባይፖላር የሚባል ስሜትን ከጫፍ ጫፍ የሚያወዛውዝ ሕመም ስላለባት፣ በአእምሮ ሕመም ላይ ያለውን መገለል የሚዋጋ ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ሆናለች። እኔ ታካሚ የፈራሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ለታካሚ የፈራሁባቸውን ግን ቆጥሬ አልዘልቃቸውም።

ፊልም ልትሠሩ ለምታስቡ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። በ«ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ክላሪስ አደገኛ የተባሉ ታካሚዎች ወደታሰሩበት ጨለማ ኮሪደር ስትገባ በሩ ላይ በርኒ የሚባል ጥቁር አስታማሚ ይቀበላታል። ፍራንኪ ፌይሰን ነው የተጫወተው። ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ። እንደ እርሱ ካሉ ሰዎች ጋር ስንት ሌሊት አድሬአለሁ! ፊልሙ ግን በሩን አስከፍቶት ያልፋል። እናንተ ከእርሱ ጀምሩ። ፈረቃው ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል? ከታካሚዎቹ ማን ነው በስሙ የሚጠራው? እናቱ ልትጠይቀው የምትመጣው የትኛው ነው?