አጋሙን ይልቀሙ ወይስ ይከልከሉ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ8 እና የ11 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አፋቸው ጠቁሮ፣ ክንዳቸው ተጫጭሮ ነው የሚገቡት። «አጋም በላን» ይሉኛል። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ኮሽማቸውን ስለሚለቅሙባቸው ተቆጥተዋል። ባለቤቴ «ከናካቴው ይከልከሉ» ይላል። እኔ ግን ራሴ ስበላው ያደግሁትን ነገር መከልከል ከበደኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትከልክያቸው። ብትከለክያቸው ተደብቀው መብላታቸው አይቀርም። ተደብቆ የሚበላ ልጅ ደግሞ የበላውን አያሳይም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ይልቅ አንድ ቅዳሜ አብረሻቸው ውጪ። ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደሚለቅሙ እነሱ ያሳዩሽ።

ከአጋሙ ልጀምር። የበሰለ አጋም ጠቆር ያለ ነው፤ ሲጫኑት ለስለስ ይላል። ቀዩ ገና ነው። ሲቀነጥሱት ነጭ ወተት ያወጣና ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ይህን ልጆችሽ ከእኔ የበለጠ ሳያውቁት አይቀሩም። ላያውቁ የሚችሉት ምረንዝን ነው። ምረንዝ የአጋም ዘመድ ነው። ቅጠሉ ያሳስታል። አበባው እንደ አጋም ነጣ ያለና መዓዛው የሚያውድ ነው። ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል፣ ወተትም አለው። ድሮ አዳኞች የቀስት መርዝ የሚያወጡት ከዚህ ዛፍ ነበር፤ መርዙ ልብን ያቆማል። መለያው እሾህ ነው፤ አጋም አለው፣ ምረንዝ የለውም። እኔ ለልጅ ልጆቼ «አጋም ነው ያላችሁት ካልወጋችሁ አትብሉት» ብዬ ነው ያስተማርኳቸው። ስለ አጋም ብቻ ነው ታዲያ። እምቧይም ይዋጋል፣ እሱ ግን አይበላም።

ሌላው ቁልቋል ነው። «አጋም የተጠጋች ቁልቋል ሁልጊዜ ስታለቅስ ትኖራለች» ይባል የለ? በድሮ አጥሮች ሁለቱን ተቃቅፈው ታገኛቸዋለሽ። የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን በወጋው ቁጥር ወተቱ ይፈሳል። ያ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ ማሳወር ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለውን አጋም ምንም ያህል ቢበስል ይተዉት። ድንገት ዓይናቸውን ከነካው ሳያሹት በብዙ ንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ወደ ጎረቤትሽ ልምጣ። እናቲቱ የሚሳሱት ለፍሬው አይመስለኝም። ለአጥሩ ነው። ኮሽም የሚተከለው ከብትና ጅብ እንዳያስገባ ነው። ልጆች ደግሞ ፍሬው ከፍ ሲልባቸው ቅርንጫፉን ጎትተው ይሰብሩታል። ዛሬ የተሰበረችው ቅርንጫፍ ነገ ውሻ ማለፊያ ትሆናለች። ስለዚህ በቡና ሰዓት ልጆቹን ይዘሽ ሂጂና ይቅርታ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ አስፈቅደው ይልቀሙ፤ ቅርንጫፍ ሳይነኩ፣ ከሥር ጨርቅ ዘርግተው ቀስ አድርገው እየነቀነቁ። የበሰለው ብርቱካንማ ቢጫ ነው፤ ብዙም ሳያስቸግር ይወርዳል። አረንጓዴው ይቆይ።

ኮሽም ወንድና ሴት እንዳለው ታውቂያለሽ? ወንዱ አበባ ብቻ ነው፣ ዕድሜ ልኩን አያፈራም። ለዚህ ነው አንዱ ቤት አጥር ሞልቶ የሌላው ባዶ የሚሆነው። ፍሬ የያዘ አጥር ያላቸው ጎረቤት ማግኘትሽ መታደል ነው።

ለቀማው ከተሳካ ማርማላታ ሥሪበት። ኮሽም ኮምጣጣ ስለሆነ ጥሬውን ብዙ አይበሉትም፣ ማርማላታው ግን ልዩ ነው። እጠቢው። ጥቂት ውሃ ጨምረሽ እስኪፈርስ ቀቅዪው። ዘሩና ልጣጩ እንዲቀር በወንፊት አጥልዪው። ለ1 ኩባያ ጭማቂ 1 ኩባያ ስኳር ጨምረሽ፣ እያማሰልሽ እስኪወፍር አብስዪው። አንዱን ብልቃጥ ለእናቲቱ ላኪ።

እምቧይን ለብቻው አሳያቸው። እሱም ሲበስል ቢጫ ነው፤ ከሩቅ ትንሽ ልጅ ከኮሽም ጋር ሊያምታታው ይችላል። እምቧይ ግን መንገድ ዳር የሚበቅል አጭር ተክል ነው። ቅጠሉ ሻካራ፣ እሾሁ ቅጠሉ ላይ ሳይቀር አለ። ኳስ ያድርጉት እንጂ አፋቸው አይድረስ። ጉሎም እንደዚሁ፤ አንድ ፍሬውን እንኳ እንዳያኝኩት። ቀጋ ካገኙ ቀዩን ልጣጭ ይብሉ፣ ውስጡ ያለው ፍሬና ፀጉሩ ግን ጉሮሮ ስለሚያሳክክ በጥፍር ይውጣ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በጁን ወር ሰፈራችን ያለው የእግረኛ መንገድ ከዛፍ በሚረግፍ ጥቁር ፍሬ ይበላሻል። እንጆሪ ይመስላል። ሰው ይረግጠዋል እንጂ ሲበላው አላየሁም። ይበላል?

መልስ፦ በደንብ ይበላል። ማልበሪ ይባላል፤ የሐር ትል የሚመገበው የዚህን ዛፍ ቅጠል ነው። የደረሰው ገና እጅ ሲነካው ይወርዳል። ካልወረደ አትጎትቱት፤ ያልበሰለው ሆድ ያውካል። ነጭ ሆኖ የሚበስል ዓይነትም ስላለ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። መሬት የረገፈውን ተዉት፣ ውሻ የሚያልፍበት ነው። አሮጌ አንሶላ ዘርጉና ቅርንጫፉን ነቅንቁ። ዛፉ ግቢ ውስጥ ከሆነ በር አንኳኩታችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። መንገዱ ስለሚቆሽሽባቸው፣ ብትለቅሙላቸው ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ኦገስት አካባቢ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ጥቁር ፍሬ ያለው፣ ግንዱ ሐምራዊ የሆነ ረጅም ተክል ታያላችሁ። ፖክዊድ ነው፤ የእኛው እንዶድ ዘመድ። እንዶድን ለልብስ እንጂ ለአፍ አናቀርበውም፤ ይህም ከሥር እስከ ፍሬው መርዛማ ነው። ልጅ ከበላው የሕመም ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ። በ1-800-222-1222 ደውሉ። የአሜሪካ የመመረዝ መረጃ መስመር ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አያስከፍልም። ስትደውሉ የተክሉን ቅርንጫፍ እጃችሁ ላይ ይዛችሁ መልኩን ንገሯቸው።

ማልበሪው ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። የተረፋችሁን ሳይደራረብ ትሪ ላይ በትናችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና በረዶ ሆኖ ሲጠጥር በከረጢት ሰብስቡት።