ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ለቆመብህ ወንድም፦ እባክህ ፎርማት አታድርግ

ሰላም ወንድሜ። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ጨምረህ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያያይዝ የሚያነብበት ፋይል) ላይ አንድ መስመር ከጻፍክ ወዲህ ሊኑክሱ ‹ኢመርጀንሲ ሞድ› ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ እንደቆመብህ፣ ‹ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጫነው ወይ?› ብለህ እንደጠየቅክ አነበብኩ። አትጫነው። እኔ ጭኜው የአራት ዓመት ሥራዬን አጥቻለሁ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

1. ሲስተሙ አልተበላሸም። ሲነሳ ‹1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ› እያለ ሲቆጥር አይተህ ከሆነ፣ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሌላውን ሁሉ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) አንተ የጻፍከውን ዲስክ እየጠበቀ ነው። በ90 ሴኮንድ ውስጥ ካላገኘው ይቆማል። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ አስገባና ዋናው ዲስክ እንዲጻፍበት ‹ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /› በል፤ ይህን ከዘለልክ ፋይሉ ሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) ሆኖ ሴቭ አያደርግልህ ይሆናል። ከዚያ ኤፍኤስታብን በናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ ነው) ከፍተህ፣ ሲስተሙ እንዲዘለው የጨመርከው መስመር መጀመሪያ ላይ # አድርግና ሪስታርት። ‹የሩት አካውንት ተቆልፏል› ካለህም አትደንግጥ፤ ኡቡንቱ ሲጫን ለሩት ፓስወርድ ስለማይሰጥ የተለመደ ነው። በላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ሊኑክስ በሚያስነሳ ፍላሽ) አስነሳ፣ ዋናውን ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ማውንት አድርግ፣ ማለትም አያይዝ፣ እዚያ ውስጥ ያለውን ኤፍኤስታብ አስተካክል። የፍላሹን አይደለም፣ የዲስኩን! ብዙ ሰው የፍላሹን አርሞ ‹አልሠራም› ይላል።

2. መስመሩን /ዴቭ/ኤስዲቢ1 ብለህ ነው የጀመርከው አይደል? ችግሩ እዚያ ነው። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የዲስኩ ስሞች አይደሉም፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሲነሳ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚያድላቸው ናቸው። እኔም እንዳንተው ጽፌ ለወራት ያለ ችግር ሠራልኝ። ኤስዲኤ 240 ጊጋው ኤስኤስዲ ነበር፣ ሲስተሙ ያለበት፤ ኤስዲቢ ደግሞ 1 ቴራው፣ ሥራዬ ሁሉ ያለበት። አንድ ቀን አቧራ ላጽዳ ብዬ ኬብሎቹን ነቀልኩ፤ ስመልሳቸው ቦታ ተቀያየሩ። ስሞቹም አብረው ተገለበጡ። የእኔው እንኳ 90 ሴኮንድም አልጠበቀ፤ ኤስዲቢ1 አሁን የኤስኤስዲው ቡት ፓርቲሽን ሆኖ ነበርና፣ የፋይል ሲስተሙን ዓይነት ኢኤክስቲ4 ብዬ የጻፍኩት ስላልገጠመ ወዲያው ወደቀ።

ይህን ግን ያኔ አላወቅኩም። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ ‹ዲስኩ ሞቷል። ለመሆኑ ሊኑክስ ምን አስጫነህ?› ብሎ መለሰልኝ፤ ያውም ሰው ፊት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ‹ጆርናልሲቲኤል -ኤክስቢ› ብሎ የአነሳሱን መዝገብ ቢያይ የወደቀው ማውንት በቀይ ተጽፎ ያገኘው ነበር።

በንዴት ቤት ገብቼ ኢንስቶለሩን አስነሳሁ። ‹ዲስኩን አጥፍተህ ጫን› የሚለው ጋ ስደርስ ኤስዲኤን መረጥኩ፤ በእኔ ጭንቅላት ኤስዲኤ ኤስኤስዲው ነዋ። አጠገቡ 1 ቴራ ተብሎ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም። ፎቶሬክ (የጠፋ ፋይል ፈልጎ የሚመልስ ፕሮግራም) ለሁለት ቀን ሲያስስ ቆይቶ ፎቶዎቹን በብዛት መለሰልኝ፣ ግን ስማቸው ጠፍቶ ሁሉም ቁጥር ብቻ ሆነው። የጽሑፍ ሥራዎቼ ግን ግማሾቹ እንኳ አልተገኙም። የሚያናድደው፣ ኢንስቶለሩ ራሱ ኤፍኤስታብ ላይ የጻፋቸው መስመሮች ሁሉ በዩዩአይዲ (በፋይል ሲስተሙ ልዩ መለያ) ነበሩ። በስም የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።

3. እንግዲህ ‹ኤልኤስብሎክ -ኤፍ› በልና የዲስክህን ዩዩአይዲ ገልብጥ፤ ከመስመሩ # አንሳና /ዴቭ/ኤስዲቢ1 በነበረበት ቦታ ‹ዩዩአይዲ=› ብለህ እሱን አስገባ። ዩዩአይዲ ፋይል ሲስተሙ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ኬብል ቢቀየር አይቀየርም፤ ፎርማት ካደረግክ ግን አዲስ ይሆናል። ኦፕሽኑ ላይ ‹ዲፎልትስ,ኖፌይል› አድርግ፤ ኖፌይል ካለ ዲስኩ ባይገኝም ኮምፒውተሩ ይነሳል። ዲስኩ ኢኤክስቲ4 ከሆነ ከኢንተርኔት ያገኘኸውን ‹ዩአይዲ=1000› (የፋይሎቹን ባለቤት የሚወስን ኦፕሽን፣ ከዩዩአይዲ የተለየ) አትጨምርበት። እሱ የኤንቲኤፍኤስና የፋት፣ ማለትም የዊንዶውስ ፋይል ሲስተሞች ነው፤ ኢኤክስቲ4 አይቀበለውም፣ ማውንት ማድረጉንም እምቢ ይላል። ባለቤትነቱን ማውንት ካደረግክ በኋላ በ‹ቾውን› ቀይር።

ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ደግሞ ‹ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ›፣ ቀጥሎ ‹ፋይንድማውንት --ቬሪፋይ›፣ ቀጥሎ ‹ማውንት -ኤ›። ስህተት ካለ ተርሚናሉ ላይ እያለህ ይነግርሃል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አይደለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ስድስት ማሽን ላይ እንዲህ ሠርቻለሁ፤ አንዱም ቆሞብኝ አያውቅም።

ኖፌይል ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ዲስኩ ሳይገኝ ዝም ብሎ ስለሚነሳ፣ የባክአፕ ስክሪፕትህ ባዶው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም ዋናው ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። የእኔ ኤስኤስዲ በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት ጢም ብሎ ሞልቶ አደረ። ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ‹ማውንትፖይንት -ኪው› ብሎ ዲስኩ መኖሩን እንዲያጣራ አድርገው።

የ‹ኤልኤስብሎክ -ኤፍ›ን ውጤትና የጻፍከውን የኤፍኤስታብ መስመር እንዳለ እዚህ ለጥፍልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ። እስከዚያ ኢንስቶለሩን አትንካው።