ጥያቄ፦ እናቴ ለተሰበረው አከርካሪ «በፊኛ ይሠራላቸው» ተባለ፤ ጀርባቸው ሊከፈት ነው?

መልስ፦ አይከፈትም። በሆዳቸው ይተኛሉ፤ ሐኪሙ በራጅ እያየ መርፌ በቆዳቸው በኩል ወደተሰበረው አጥንት ያስገባል። ትንሽ ፊኛ ተነፍቶ ቦታ ያበጃል፣ ከዚያ ይወጣና የአጥንት ሲሚንቶ ይሞላል። ሲሚንቶው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል።

ግን ከተሰበረ 3 ሳምንቱ ነው ብለሻል፤ አትቸኩሉ። ብዙው በማስታገሻና ቀስ ብሎ በመንቀሳቀስ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ካልተሻላቸው ደግሞ ከሲሚንቶው አስቀድሞ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ ምስል) ይነሡ፤ ስብራቱ አዲስ ይሁን የቆየ ያሳያል። ለቆየ ስብራት ሲሚንቶው እምብዛም አይረዳም። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካላቸው ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል!

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሚንቶው የሚይዘው ያንኑ አጥንት ብቻ ነው፤ የአጥንት መሳሳትን አያክምም። አክስቴ ከሲሚንቶው በኋላ ሕመሙ ሲለቃት የአጥንት መሳሳት መድኃኒቷን እርግፍ አድርጋ ተወችው። በዓመቱ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትል ከላይ ያለው አከርካሪ ተሰበረ።