ውጥረት የበረታበት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለት ልጆች አባት ስሆን፣ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቀን አስተምራለሁ፤ ማታ በሁለት ታክሲ ቤቴ ስደርስ ልጆቼ ተኝተዋል። አማካሪዬ የላክሁላቸውን ምዕራፍ ሳያነቡልኝ ሦስት ወር አለፈ። እንቅልፍ ከራቀኝ ሰነበተ፤ ኮምፒውተሬን መክፈትም ያስፈራኛል። ስንፍና ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በቤልጂየም ፍላንደርስ ውስጥ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎችን የዳሰሰ ጥናት፣ 32 በመቶ የሚሆኑት ለአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ለድብርት፣ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ከችግሩ ጋር ተያይዘው ከተገኙት መካከል የሥራ ጫና፣ የሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት መጋጨት እንዲሁም የአማካሪው አመራር ይገኙበታል፤ እርስዎም የጻፉልን ሦስቱንም ነው። የመንገዱን ድካም ደግሞ እኛ እንጨምርበት።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ፍርሃቱና የፍላጎት መቀዝቀዙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የባለሙያ ምርመራ ያስፈልገዋል። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው ማማከር ወይም የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን መጠየቅ ይችላሉ። ሞትን መመኘት ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ አያሳድሩት፤ ለሚቀርብዎ ሰው ነግረው በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ለአማካሪዎም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ምዕራፉ የሚታይበትን ቀን በአክብሮት ይጠይቁ፤ መልስ ካጡ ደብዳቤውን ይዘው የትምህርት ክፍሉን የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ያነጋግሩ። ይህ መብትዎ ነው፤ ክስም አይደለም።